ቀን የሌለው ፎቶግራፍ

የባቱ ከተማ ፎቶግራፎች በየስብሰባ አዳራሹ፣ በየሆቴሉ መቀበያና በየዓመቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ ተሰቅለው ይታያሉ። ሰብስቦ የሚለያቸው ሰው ቢገኝ አራት ክምር ይበቃዋል። አንደኛው ክምር ደንበል ሐይቅ ላይ የምትጠልቅ ፀሐይ ነው። ሁለተኛው ክንፏን የዘረጋች ፔሊካን ነች። ሦስተኛው በደንገል ታንኳ ላይ የቆመ፣ ፊቱ በጥላ የተዋጠ ዓሣ አጥማጅ ነው። አራተኛው ዓሣ በሚበለትበት ዳርቻ አንገቱን ቀብሮ ፍርፋሪ የሚጠብቅ አባ ኮዳ ነው። ከእነዚህ መካከል የትኛው በ1980፣ የትኛው በ2000፣ የትኛው ባለፈው ዓመት እንደ ተነሣ ለይቶ የሚናገር ቢገኝ ሽልማት ይገባዋል። ከጀርባቸው ቀን አልተጻፈም። ከፊታቸውም ቀን ሊናገር የሚችለው ነገር ሁሉ ሆን ተብሎ ተገፍቷል፤ የመብራት ምሰሶው ከክፈፉ ውጭ ቀርቷል፤ ባጃጁ እስኪያልፍ ተጠብቋል፤ ቢጫው ጀሪካን እንዲነሣ ልጅ ታዟል።

ሙግታችን ከዚህ ልማድ ጋር ነው። ልማዱ ጠበቆች እንዳሉት እናውቃለን፤ ክርክራቸውንም በየመድረኩ ሰምተናል። ምሰሶና ጀሪካን አላፊ ናቸው፣ ፀሐይና ሐይቅ ግን ዘላለማዊ ናቸው፣ ጥበብም የምትሻው ዘላለማዊውን ነው ይሉናል። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን ሐይቅ ዘላለማዊ ነው ያለው ማን ነው?

ከባቱ ተነሥቶ ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው ቡልቡላን አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ በስተቀኙ አቢጃታ ይገኛል። የሁለቱ ሐይቆች ዝምድና ቀላል ነው። ደንበል ከጉራጌ ተራሮች በሚወርደው በመቂና ከአርሲ በሚመጣው በቀታር ወንዝ ይሞላል፤ የተረፈውን በቡልቡላ ወንዝ በኩል ለአቢጃታ ይልካል። አቢጃታ ግን መውጫ የለውም፤ የገባለትን ውሃ ፀሐይ ትጠጣዋለች። ስለዚህ ላይ የተቀዳች ባልዲ ሁሉ ታች ትቆጠራለች። በደንበልና በቡልቡላ ዳር የመስኖ ፓምፖች በረከቱ፤ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ከራሱ ከአቢጃታ ውሃ ማንሣት ጀመረ፤ ዝናቡም እንደ ቀድሞው የሚታመን አልሆነም። ከ1964 ዓ.ም. ወዲህ ምድርን ከላይ ፎቶግራፍ የሚያነሡት የላንድሳት ሳተላይቶች ያስቀሩት ሥዕል ይህንኑ ይመሰክራል፤ አቢጃታ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ውሃው እየቀነሰ ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። በአጎራባቹ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ ለምግባቸው ወደ አቢጃታ ይበሩ የነበሩት ፔሊካኖችም ገበታቸው ተነሣ።

እንግዲህ ያቺን የቀን መቁጠሪያ ፔሊካን መለስ ብላችሁ እዩአት። ፎቶግራፍ አንሺው የሰላምና የውበት ምልክት አድርጎ ያቀረባት ወፍ፣ ምናልባት ከአንድ ሐይቅ ተሰድዳ ወደ ሌላው የመጣች ረሃብተኛ ነች። ይህን የሚነግረን ቀን ከሥዕሉ ጀርባ የለም። ከየት እንደ መጣች፣ ካለፈው ዓመት ይልቅ ብዙ ሆነው ይምጡ ወይም አንሰው ይቅሩ፣ በጎን የሚያስተያይ ሌላ ሥዕል የለም። ሳተላይቱ ከሰማይ ሆኖ አይቷል። ከምድር ሆኖ ያየው ማን ነው? አቢጃታ ዳር መኪናውን አቁሞ ቀይ ወፎች ያነሣ ጎብኚ ሞልቷል፤ ከመኪናው እስከ ውሃው ያለው ነጭ የጨው መሬት በየዓመቱ ስንት እርምጃ እንደ ጨመረ ብሎ ያነሣ የኪነ ጥበብ ሰው ግን የታለ? ከብቱን ወደ ቡልቡላ የሚነዳው እረኛ ርቀቱን በእግሩ ያውቀዋል። እኛ የምስል ባለሙያዎች ነን የምንለው ግን በዓይናችን አላወቅነውም።

የፎቶግራፍ ልዩ ስጦታ እዚህ ላይ ነው። ውበትን ሠዓሊ ከፎቶግራፍ አንሺ አስበልጦ ሊሠራ ይችላል። ስሜትን ዘፋኝ ይበልጥ ያውቃል። ነገር ግን ሁለት ጊዜያትን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ልዩነቱን አንተው ፈልግ» ለማለት የካሜራን ያህል የታደለ መሣሪያ የለም። የሰው ዓይን ይለምዳል፤ በየቀኑ የሚያየውን ነገር ማየቱን ይተወዋል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ ተረቱ ለትዕግሥት የተነገረ ቢሆንም ለጥፋትም ይሠራል፤ ቀስ በቀስ ከእጃችን ተነሥቶ የሄደ ነገር ሲሄድ አላየነውም። ካሜራ አይለምድም። ዛሬ ያየውን ለነገ ሳይቀንስና ሳይጨምር ያስረክባል፤ ያስረካቢው ቀንና ቦታ ከተጻፈለት።

ትንሹ ልዩነት የቱ ነው? የባቱ ጋሪ ይታይ። ስምጥ ሸለቆ ከተሞችን የሚያውቅ ሁሉ ጋሪን ያውቃል፤ ሞጆም፣ መቂም፣ ባቱም፣ አዳማም በፈረስ ኮቴ ድምፅ የነቁ ከተሞች ናቸው። ባጃጅ መጣ፤ ጋሪው ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን፣ ከኮብልስቶን ወደ አቧራው መንገድ ተገፋ፤ ሰው የሚጭነው እቃ ወደ መጫን ዞረ። ይህ የአንድ ከተማ ሠራተኛ መደብ ታሪክ ነው። መቼ ነው የዞረው? በየትኛው ዓመት ነው በመናኸሪያው አጠገብ ከተሰለፉት መካከል ባጃጆቹ ጋሪዎቹን በቁጥር የበለጡት? ከአንድ ቦታ በየዓመቱ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ቢኖር አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ቆጥሮ ይነግረን ነበር። የለንም። ያለን የፈረስ ግርማ የሚያሳይ፣ ጋላቢው ፈገግ ያለበት፣ የኋላው ደብዝዞ የተነሣ ቅንጡ ሥዕል ነው።

ዓሣው ዘንድ እንምጣ። ቆሮሶ የደንበል ነባር ባለቤት ነው። ካርፕ ቀድሞ በሐይቁ ያልነበረ፣ በሰው እጅ የገባ ዓሣ ነው። አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በማራገፊያው ላይ፣ ከአንድ ጀልባ የወረደውን ዓሣ በአንድ ዓይነት ሳጥን ላይ አስደርድሮ ቢያነሣ ኖሮ የቆሮሶው ቁመት ሲያጥር፣ የእንግዳው ድርሻ ሲበዛ፣ የመረቡም ዓይን ሲጠብብ ያለ አንዳች ንግግር እናይ ነበር። ዓሣ አጥማጁ ይህን በቃሉ ይናገራል፤ ነገር ግን ስብሰባ ላይ «ማስረጃህ የት አለ?» ሲባል እጁን ከማሳየት በቀር መልስ የለውም። ማስረጃውን ልንይዝለት የሚገባን እኛ ነበርን። እኛ ግን ጀርባውን ለፀሐይ አዙረን፣ ፊቱን አጥቁረን፣ ጥላ አድርገን አነሣነው። ፊት የሌለው ሰው ምን ይመሰክራል?

ተውኔት የሚጽፍ ሰው የትንሹን ልዩነት ጉልበት ከማንም በላይ ያውቀዋል። በመጀመሪያው ገቢር በምድጃው ዙሪያ አራት በርጩማ ነበር፤ መጋረጃው ተዘግቶ ሲከፈት ሦስት ሆኗል። ተዋናይ አፉን ሳይከፍት አዳራሹ በሙሉ ሰው እንደ ጎደለ ይገባዋል። ነገር ግን ተመልካቹ የመጀመሪያውን ገቢር ባያይ ኖሮ ሦስት በርጩማ ሦስት በርጩማ ብቻ ነው። የባቱ ፎቶግራፎቻችን የመጀመሪያው ገቢር የሌላቸው ሁለተኛ ገቢሮች ናቸው።

ትልቁንስ ልዩነት አይተነዋል? በ1990ዎቹ ማብቂያ በሐይቁ አጠገብ የአበባ እርሻ ሲተከል የመሬቱ ቀለም ተለወጠ። ከሩቅ ለሚያየው የላስቲክ ጣሪያው ሁለተኛ ሐይቅ መሰለ። የወይን ተክልም ተከተለ። በሺህ የሚቆጠር ሴት ሠራተኛ ከቅርብም ከሩቅም መጣ። ስለዚህ ታላቅ ለውጥ የቀረልን ሥዕል ምንድን ነው? ጽጌረዳ ነው። አበባው በጣም ቀርቦ፣ ጤዛው ሳይቀር ይታያል። ጽጌረዳ ግን በየትም አገር ጽጌረዳ ነው፤ ለውጡ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው በመንገድ ዳር ሰርቪስ የሚጠብቁት ሴቶች ላይ ነው። ቀድሞ አንድ ቤተሰብ ብቻ በነበረበት ግቢ ዙሪያውን በተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች፣ በበሮቹ ቁጥርና በየበሩ ላይ በተንጠለጠለው ቁልፍ ላይ ነው። እርሻው ጠቀመ ወይስ ጎዳ የሚለውን ክርክር ለባለሙያዎቹ እንተወው። የኛ ጉዳይ ክርክሩ ያለ ሥዕል መካሄዱ ነው። ደጋፊው ጽጌረዳ ያሳያል፤ ተቃዋሚው የሞተ ዓሣ ያሳያል፤ ሁለቱም ቀን አይጽፉም።

እዚህ ላይ ካድሬው ሊያቋርጠን ይችላል። እኛ እኮ ልዩነትን እናሳያለን፣ «ትናንትና ዛሬ» ብለን ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን የምንሰቅለው ለዚህ አይደለም ወይ ይለናል። ሰሌዳዎቹን እናውቃቸዋለን። በግራ ጭቃ፣ በቀኝ አስፋልት፤ በግራ ደረቅ መሬት፣ በቀኝ አረንጓዴ። ሐሳቡ የተቀደሰ ነው፤ አሠራሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታመንም። የደንበል ሐይቅ ከ400 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ሦስት ሜትር አይሞላም። ዳርቻው ለጥ ያለ በመሆኑ ውሃው ግማሽ ሜትር ብቻ ቢወርድ ዳሩ ብዙ ርቀት ይሸሻል። ውሃው የሚያንሰው ክረምቱ ሳይገባ በሰኔ ገደማ ነው፤ የሚሞላው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው የሰኔን ሥዕል «ትናንት»፣ የጥቅምትን ሥዕል «ዛሬ» ብሎ ቢሰቅል ሐይቁ በልማት ሞላ ሊል ይችላል። ሌላው ደግሞ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ሐይቁ ደረቀ ብሎ ሊያስለቅሰን ይችላል። ሁለቱም አንድ ቃል አልዋሹም። የዋሸው ያልተጻፈው ወር ነው።

ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሥዕሎች ምን ያህል ኃይል እንዳላቸው አገራችን በዋዛ አልተማረችውም። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ርእስ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ይኸው ፊልም፣ የረሃቡ ትዕይንት ከቤተ መንግሥቱ ድግስና ምቾት ጋር እየተፈራረቀ እንዲታይ ተደርጎ ከተቀናበረ በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ዙፋኑን ያወረደው ፊልሙ ብቻ ነው የሚል የዋህ የለም፤ የወታደሩ ኃይል፣ የተማሪው፣ የወዛደሩና የገበሬው ትግል ቀድሞ ሥራውን ሠርቷል። ነገር ግን ያን ማታ በየቤቱና በየቡና ቤቱ የተቀመጠው ሕዝብ በዓይኑ ያየው ልዩነትን ነው። ራትና ረሃብ በአንድ መስኮት ውስጥ ተፈራረቁለት።

የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ግን በዚያው ድምፅ የምንናገረው ስንቶቻችን ነን? ዐሥር ዓመት አለፈ። መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል በአዲስ አበባ በሰልፍ፣ በቅስትና በባንዲራ ሲከበር፣ በሰሜን ረሃቡ ከመጀመሪያው ከፍቶ ነበር፤ የበዓሉም ሥዕል እንዳይደበዝዝ የረሃቡ ሥዕል እንዲቆይ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር ኮረም ገባ፤ በጥቅምት የተሰራጨው ፊልም ዓለምን አናወጠ። ልዩነትን በማሳየት ሥልጣን የያዘ መንግሥት ልዩነትን በመደበቅ ሊቆይ ሞከረ። የኛው የፎቶግራፍና የፊልም ባለሙያዎች ያን መስከረም ካሜራቸውን የደቀኑት ወደ ሰልፉ ነበር፤ የአገሩን ረሃብ እንግዳ መጥቶ አሳየው። ይህ ነገር ለሙያው ሰዎች ሁሉ እስከ ዛሬ ሊቆረቁረን ይገባል።

የፎቶግራፍ ታሪካችን ከጥንቱም ወደ ዙፋን ያደላ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እስከ ኃይለ ሥላሴ ድረስ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት የታወቁት አርመናውያኑ ቦያጂያኖች፣ አባትም ልጆችም፣ ብዙ ቅርስ ትተውልናል፤ ያለ እነርሱ ድኾች ነበርን። ነገር ግን በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ መንገዱ፣ ገበያተኛው፣ የጎጆው ክዳን የገቡት አብዛኛውን ጊዜ በስሕተት፣ ከመኳንንቱ ትከሻ በስተኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የቤተሰብ አልበሞች ተሰብስበው በመጽሐፍ ሲታተሙ ሕዝቡ የተሻማባቸው ለምን ይመስላችኋል? የማያውቁትን ሰው የሠርግ ሥዕል ለማየት አይደለም። ከሙሽሮቹ ጀርባ የነበረውን ሱቅ፣ የመኪናውን ዓይነት፣ የቀሚሱን ቁመት ለማየት ነው። ማንም ያነሣዋለሁ ብሎ ያላነሣው ነገር ከሁሉ የከበረ ሆኖ ተገኘ።

ይህን የምንለው ወደ ኋላ ተመልሰን በትዝታ እንድንንቆራጠጥ አይደለም። ካሜራ የሐዘንተኞችንም ልማድ የሚያርም መሣሪያ ነው። ለዚህ ከራሳችን አገር የተሻለ ምስክር የለም። በ1860 ዓ.ም. በናፒር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረውት ነበሩ፤ የሰሜንን ተራሮችና ሸለቆዎች አንሥተዋል። ቤልጂየማዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ፣ ከነዚህም መካከል የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ይገኙበታል፣ 140 ዓመት ያህል ቆይተው እነዚያን ቦታዎች አንድ በአንድ ፈልገው፣ አንሺው በቆመበት ቆመው ደግመው አነሡአቸው። ቦታው የሚገኘው እንዲህ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ቅርብ ያለው ቋጥኝ ከሩቁ ተራራ ጫፍ ጋር በምን ነጥብ እንደሚገጥም ይታያል፤ ሰውዬው ያ መግጠም እስኪመለስ ድረስ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ይላል። አንድ እርምጃ ከሳተ ተራራው ከቋጥኙ ይላቀቃል። በ2001 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ብዙዎቻችን ያልጠበቅነውን ነገር ነገረን። በ1860 ዓ.ም. እነዚያ ኮረብቶች የተራቆቱ ነበሩ፤ ከ140 ዓመት በኋላ ብዙዎቹ ዛፍም እርከንም ጨምረዋል።

ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን መሬት 40 በመቶው ደን ነበር የሚለውን አባባል በትምህርት ቤት ሸምድደነው፣ በግጥም አልቅሰንበት፣ በመድረክ ፎክረንበታል። የታሪክ ምሁራን ሲጠራጠሩት ቆይተው ነበር፤ የሰሜኑ ሥዕሎችም እየተደረደሩ ሞገቱት። ይህ ማለት ግን በሌላውም ቦታ ደን አልጠፋም ማለት አይደለም። የስምጥ ሸለቆው ግራር ከሰል ሆኖ በመንገድ ዳር በጆንያ ቆሞ እናየዋለን። ቁም ነገሩ እያንዳንዱ ኮረብታ የራሱ ምስክር የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። ለተከዜ የተነሣ ሥዕል ለቡልቡላ አይመሰክርም። ስለ ገዛ ሐይቃችን የምንናገረው ሁሉ፣ ለቅሶውም ፉከራውም፣ እንዲህ ያለ ፈተና ገና አልቀረበለትም። ለቅሶውም ፉከራውም ፈተናውን የሚፈሩት፣ ምናልባት፣ በአንድ ምክንያት ነው።

ስለ ፎቶ ቤቶች አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በየከተማው የነበረው ፎቶ ቤት ከበስተጀርባው ቀለም የተቀባ መጋረጃ ነበረው፤ ፏፏቴ፣ አበባ፣ ማንም ያልወጣበት ደረጃ። ሰው ከነሙሉ ልብሱ ከሕይወቱ ተነቅሎ እዚያ ፊት ይቆማል። ቢሆንም የእጁ ጠባሳ፣ የጫማው እርጅና ይቀር ነበር። ዛሬ ስልኩ ራሱ ጠባሳውን ያጠፋል፤ ማድያቱን ያነጻል፤ ቆዳውን ያቀላል። ትንሿን ልዩነት ለመደምሰስ የተሠራ መሣሪያ በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። ጉንጯ በፀሐይ የተለበለበ የዓሣ ሻጭ ሴት ሥዕሏ ላይ እንደ ሰላሳ ዓመት ከተሜ ታበራለች። ደስ ካላት ለግሏ ይሁንላት። የባህል መጽሔት ገጽ ላይ፣ «የባቱ ሕይወት» ተብሎ ሲወጣ ግን ሐሰት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያንገበግበው የደሴቶቹ ጉዳይ ነው። ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንድሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና ከሐይቁ መካከል ቆመዋል። የዛይ ሕዝብ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ታንኳ ይሠራል፤ ተዳፋቱን በእርከን ሰንጥቆ አርሶ ኖሯል። በቱሉ ጉዶ ያለችው የማርያም ጽዮን ገዳም ታቦተ ጽዮን በዮዲት ዘመን ተሸሽጎባታል የሚለው ትውፊት ጎብኚ ያመጣል፤ ጎብኚውም ብራናውን፣ ጸናጽሉንና አባን አንሥቶ ይመለሳል። እርከኑን ማን አነሣው? ከደሴቲቱ ወደ የብስ የወጣው ቤተሰብ የተወው ማሳ በየትኛው ዓመት ቁጥቋጦ ሆነ? የደንገሉ ታንኳ ለእንጨት ጀልባ፣ የእንጨቱም ለሞተር ቦታ ሲለቅ በወደቡ ላይ ስንት ስንት ቆመው ነበር? አረጋውያኑ ሲያልፉ ይህን የሚመልስ የለም። የብራናው ሥዕል ከነግልባጩ በብዙ አልበም ይገኛል፤ ብራናው ራሱ ዛሬም እዚያው ነው። የጠፋው የእርከን ድንጋይ ግን ሥዕሉም እቃውም የለም።

ጥቃቅን ነገር ቆጠራ ጥበብ አይሆንም የሚሉን ወንድሞች አሉ። ይህ የልኬት መሐንዲስ ሥራ ነው፣ ገጣሚ ካሜራ ሲይዝ ነፍሱን ማሳየት አለበት ይላሉ። ኤዠን አትዤ የተባለው ፈረንሳዊ በፓሪስ ከተማ ሠላሳ ዓመት ያህል ከባድ ካሜራውን ተሸክሞ የሱቅ መስኮት፣ የደረጃ ብረት፣ ሊፈርስ የተቃረበ ቅጥር ሲያነሣ ኖሯል፤ ሥዕሎቹን የሚሸጣቸውም ለአርቲስቶች የሚሆኑ ሰነዶች ብሎ ነበር፤ ጥበብ ነው አላለም። ዛሬ ዓለም ከታላላቆቹ ጠቢባን ጋር ይቆጥረዋል። ነፍሱ የት ነበረች? በየቀኑ ተነሥቶ ወደዚያው መንገድ በመመለሱ ውስጥ ነበረች። የሚወድ ሰው ትንሿን ለውጥ ያያል፤ እናት ልጇ ገና ደጅ ሳይገባ ፊቱ መጥቆሩን እንደምታውቅ።

ሌላው ተቃውሞ ከቢሮ ይመጣል። ገንዘብ የለም፣ ባለሙያ የለም ይባላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መምህሩ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ፣ አንድ ደብተርና አምስት ድንጋይ ነው። አንደኛው ድንጋይ በዓሣ ማራገፊያው ይተከል። ሁለተኛው ቡልቡላ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ፣ ሦስተኛው በገበያው መግቢያ፣ አራተኛው ጋሪና ባጃጅ በሚቆሙበት፣ አምስተኛው በቱሉ ጉዶ እርከን ፊት ለፊት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሰኔና በጥቅምት በተወሰነ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ተማሪው ድንጋዩ ላይ ቆሞ ያንሣ። ማንም ፈገግ በል አይባል፤ ጀሪካን አይነሣ፤ ምሰሶ አይቆረጥ። ፊቱ ቀርቦ የሚታይ ሰው ካለ ይጠየቅ፤ ካልፈቀደ ይታለፍ። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆመው ተማሪ ስም፣ የነፋሱና የውሃው ሁኔታ ይጻፍ፤ ጽሑፉም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን፤ የደሴቶቹ ሥዕል ደግሞ የዛይ ሽማግሌዎች በሚሰጡት የቦታ ስም። ሥዕሉ በስልክ ውስጥ ብቻ ከቀረ ስልኩ ሲሞት አብሮ ይሞታልና በወረቀት ይታተም፤ አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ፣ ሌላው በባህል ጽሕፈት ቤቱ፣ ሦስተኛው በቤተ መዛግብት ይቀመጥ።

ካድሬው ከዚህ ውስጥ የማይወደው ሥዕል ይወጣል፤ ይህንን ከወዲሁ መናገር ይሻላል። በአንዱ ሰኔ ውሃው ከታሰበው በላይ ይርቃል፤ በሌላው ጥቅምት በሐይቁ ዳር የእምቦጭ ቅጠል ካለፈው ዓመት የሰፋ ቦታ ይዞ ይታያል። የሚወደውም ይወጣል፤ የአንዱ ሠፈር ቧንቧ፣ የአንዱ መንገድ ድንጋይ፣ ያጠረው የቀጂ ሴቶች ሰልፍ። ደብተሩ ከሁለቱ አንዱን የመምረጥ መብት ለማንም እንዳይሰጥ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀለም ይጻፍበት።

የሚመጣው ሰኔ ሩቅ አይደለም። ድንጋዮቹ ከሩቅ እንዲለዩ ነጭ ቀለም ቢቀቡ ጥሩ ነው፤ ከብት እንዳይነቅላቸውም ጉልበት ያህል ይቀበሩ።